1,400 አሮጌ መጻሕፍት የት ይደርደሩ? ዊክስ ላይ ወይስ ዎርድፕረስ ላይ

ጥያቄ፦ «ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት እሸጣለሁ። 1,400 የሚሆን መጽሐፍ አለኝ። አብዛኛው አማርኛ ነው፤ ከብዙዎቹም ያለኝ አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ነው። እስካሁን በቴሌግራም ነበር የምሸጠው፤ ክፍያውን በቴሌብርና በባንክ ይልኩልኛል። አሁን ዌብሳይት ፈለግሁ። አንድ ልጅ በዎርድፕረስ በ60 ሺህ ብር እሠራልሃለሁ፣ አንዴ ከተሠራ የራስህ ነው፣ ሌላ ክፍያ የለውም አለኝ። 20 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥቼዋለሁ። ቨርጂኒያ ያለው የወንድሜ ልጅ ደግሞ ‹ጋሼ ተሸወድክ፣ በዊክስ በአንድ ቀን ሠርቼ እሰጥሃለሁ› ይለኛል። ገዢዎቼ አዲስ አበባም፣ ክፍለ ሀገርም፣ ውጭም አሉ። ሴት ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ ናት። የቱን ልምረጥ? ቀብዱንስ ልተወው?»

ምላሽ፦ ሁለቱም ግማሹን ነው የነገሩዎት። ልጁ ወጪውን ዘለለው፣ የወንድምዎ ልጅ ደግሞ ሥራውን። ክፉ አስበው አይመስለኝም። አንዱ ሥራ ይፈልጋል፣ ሌላው አጎቱን መርዳት ይፈልጋል።

ከልጁ ልጀምር። ዎርድፕረስ ነፃ ነው ካለ አልዋሸም። ማት ሙለንዌግ እና ማይክ ሊትል እ.ኤ.አ. በ2003 ከሌላ የብሎግ ፕሮግራም ላይ ተነስተው ያስጀመሩት የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ማንም ሰው ሊያወርደው፣ ሊቀይረው፣ ሊያባዛው ይችላል። ችግሩ ሶፍትዌሩ የሚቀመጥበት ቦታ መፈለጉ ነው። ሃያ አራት ሰዓት የማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ መጫን አለበት። ይህ ሆስቲንግ ይባላል፣ በየዓመቱ ይከፈልበታል። የሱቁ ስም፣ ማለትም ዶሜኑም በየዓመቱ ይከፈልበታል። በየጊዜው የሚያድሰው ሰውም ይፈልጋል፤ ያ ወይ ገንዘብ ነው፣ ወይ የልጅዎ ሰዓት። «ሌላ ክፍያ የለውም» ማለቱ ምናልባት የመጀመሪያውን ዓመት እሱ ከፍሎ ስለሚያስረክብ ይሆናል። ሁለተኛው ዓመት ሲደርስ ግን ሂሳቡ ለእርስዎ ነው የሚመጣው።

«የራስህ ነው» የሚለውም ቢሆን መብራራት አለበት። እርስዎ ሱቅ ስለሚያውቁ በሱቅ ልንገርዎት። ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስ፣ ሾፒፋይ የሚባሉት መደርደሪያው፣ መብራቱ፣ ዘበኛው ሁሉ ተሟልቶ የሚከራይ ሱቅ ናቸው። ቁልፍ ተቀብለው ይገባሉ፣ በማግሥቱ ይሸጣሉ። ሲለቁ ግን መደርደሪያውን ነቅለው መሄድ አይችሉም። ዎርድፕረስን ሆስቲንግ ላይ መጫን ባዶ ቤት ተከራይቶ መደርደሪያውን በራስ አናጢ እንደማሠራት ነው። ኪራዩ አይቀርም። አከራዩ ካስቸገረ ግን መደርደሪያዎን ጭነው ሌላ ቤት ይገባሉ። ታዲያ ዘበኛ መቅጠሩም፣ ቧንቧ ሲፈስ ማስጠገኑም የእርስዎ ጣጣ ነው። የእርስዎ የሚሆነው መደርደሪያው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ የሚያምታታ ነገር ላጥራ። ዎርድፕረስ ዶት ኦርግ እና ዎርድፕረስ ዶት ኮም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ነፃውን ሶፍትዌር የሚያወርዱበት ነው። ሁለተኛው ያንኑ ሶፍትዌር ጭኖ በወር ክፍያ የሚያከራይ ድርጅት ነው፤ በባሕርዩ ወደ እነ ዊክስ ይጠጋል። ልጁ የቱን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት። እኔ ከዚህ በታች ዎርድፕረስ ስል የመጀመሪያውን ነው።

አሁን ወደ ቨርጂኒያ። በአንድ ቀን ያልቃል? ገጹ አዎ። የፊት ገጽ፣ ስለ እኛ፣ አድራሻ፣ ካርታ፣ አምስት ስድስት መጽሐፍ ለናሙና፣ ከምሳ በፊት ያልቃል። የእርስዎ ሥራ ግን ገጽ መሥራት አይደለም። አንዱን መጽሐፍ ከመደርደሪያ ማውረድ፣ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ማንሳት፣ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የታተመበት ዓመት፣ ማተሚያ ቤት፣ የገጽ ብዛት፣ ዋጋ፣ «ሽፋኑ ተቀዷል፣ ሁለት ቦታ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል» የምትለዋ ማስታወሻ። እጅዎ ከለመደ በኋላ እንኳ ለአንድ መጽሐፍ ስድስት ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ 1,400 መጽሐፍ 140 ሰዓት ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠሩ 70 ቀን። ዊክስም ሆነ ዎርድፕረስ ከዚህ አንዲት ደቂቃ አይቀንስልዎትም።

ለዚህ ነው የመድረኩ ምርጫ ሁለተኛ ጥያቄ ነው የምለው። የመጀመሪያው ያ ዝርዝር የት ይጻፋል የሚለው ነው። ቀጥታ ዌብሳይቱ ላይ አንድ በአንድ ከጻፉት የ70 ቀን ድካምዎ እዚያው ይታሰራል። በጎግል ሺት፣ ማለትም በጎግል ነፃ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ከጻፉት ግን የእርስዎ ነው፤ ዊክስም ዎኮመርስም በአንድ ፋይል ይቀበሉታል። ዎኮመርስ ዎርድፕረስን ወደ ሱቅ የሚቀይረው ነፃ ፕለጊን፣ ማለትም በላዩ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ ሲኤስቪ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ወድቆበታል። አማርኛ የሞላበትን ሠንጠረዥ ኤክሴል ላይ ተራውን ሲኤስቪ መርጠው ሴቭ ካደረጉ፣ ፊደሉ ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። 1,400 መጽሐፍ፣ ርዕሱ በሙሉ «????? ???»። ዋናውን ፋይል በላዩ ላይ ሴቭ ካደረጉበት ደግሞ መመለሻ የለውም። ኤክሴል ከሆነ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ። ከጎግል ሺት ሲያወርዱት ይህ ችግር የለም። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱን ቁጥር ይስጡ፣ ከ0001 ጀምሮ፤ ያንኑ ቁጥር በእርሳስ ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ይጻፉ። ፎቶውንም በዚያው ቁጥር ሰይሙት። ይህን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል፣ ዌብሳይት አያስፈልገውም።

ዝርዝሩ ከዳነ በኋላ ሁለቱን መድረኮች በእርስዎ ሱቅ ልክ እንያቸው። የሚለያዩት በሦስት ነገር ነው፦ በክፍያ፣ በአማርኛ፣ በኪራይ።

ክፍያውን ላስቀድም። እነ ዊክስ ገንዘብ የሚቀበሉት በብዛት በውጭ አገር አቀባባዮች ነው። ከእነዚህ ታዋቂው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አካውንት አይከፍትም። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎትም ለእኛ አገር አይሠራም። ሾፒፋይ ላይ በሌላ አቀባባይ ከተቀበሉ ደግሞ ቤዚክ በተባለው ጥቅል ከየሽያጩ 2 በመቶ ይቆርጥብዎታል። በዎኮመርስ ግን ብር ከገንዘብ ዓይነቶቹ ዝርዝር ውስጥ አለ፤ እንደ ቻፓ ያሉ የአገር ውስጥ አቀባባዮችም ለእሱ የተዘጋጀ ፕለጊን አላቸው። ዊክስ ላይ ይህንን ማድረግ አይቻልም አልልም። ኮድ አስጽፎ ማገናኘት ይቻላል። ግን ዊክስን የመረጥነው ኮድ ላለማስጻፍ አልነበረም እንዴ?

ሆኖም በመጀመሪያው ቀን የክፍያ ማገናኛ አያስፈልግዎትም። አሁን እንደሚሠሩት ይሥሩ፤ ገዢው ያዝዛል፣ በቴሌብር ወይ በባንክ ይልካል፣ ደረሰኙን ያሳያል። ዎኮመርስ ውስጥ «በባንክ ማስተላለፍ» እና «ሲደርስ መክፈል» የሚሉ አማራጮች ሲጫን ጀምሮ አሉ። ዊክስም ከመድረኩ ውጭ ለሚከፈል ክፍያ ቦታ አለው። እዚህ ላይ እኩል ናቸው። ልጅዎ ማወቅ ያለባት አንድ ነገር ግን አለ። እርስዎ ያለዎት አንድ አንድ ቅጂ ስለሆነ ስንት ቅጂ እንደቀረ የሚቆጥረው የክምችት ቁጥጥር «በርቷል» ላይ መሆን አለበት። ከበራ፣ አንድ ሰው በባንክ እከፍላለሁ ብሎ ሲያዝ ዎኮመርስ ትዕዛዙን በይደር ይይዘውና ክምችቱን ወዲያው ከ1 ወደ 0 ያወርደዋል። ጥሩ ነው፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው አይሸጥም። ሰውየው ሳይከፍል ከጠፋ ግን መጽሐፉ በራሱ ወደ ሽያጭ አይመለስም። ትዕዛዙን ራሷ መሰረዝ አለባት። «በ24 ሰዓት ያልተከፈለ ይሰረዛል» ብላችሁ ትዕዛዙ ገጽ ላይ ጻፉ፣ ማታ ማታ ደግሞ ዝርዝሩን አጽዱ። አለበለዚያ ከሁለት ወር በኋላ ግማሹ መደርደሪያ «ተሽጧል» እያለ መጽሐፉ ግን ከፊትዎ ተደርድሮ ያገኙታል።

ወደ አማርኛው ልለፍ። ለእርስዎ ምርጫውን የሚወስነው በእኔ ግምት እዚህ ነው። ማንም ሲያነሳው ደግሞ አልሰማም።

እርስዎ ርዕሱን እንደ ሽፋኑ ይጽፉታል፤ «ዓለም» ከሆነ «ዓለም»። ገዢው ስልኩ ላይ «አለም» ብሎ ይፈልጋል። ሰው አይደለምና የፍለጋ ሳጥኑ ሁለቱ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ለኮምፒውተሩ «ዓ» እና «አ» ልክ እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ምንም አልተገኘም» ይላል። ገዢው መጽሐፉ የለም ብሎ ይወጣል፤ መጽሐፉ ግን ከጀርባዎ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ ብለው ጽፈው ጸሀይ ብሎ የሚፈልግ አለ። ሥላሴና ስላሴ፣ ኃይለ፣ ሀይለ፣ ሃይለ እያለ ይቀጥላል። በድሮ መጽሐፍ ደግሞ ይብሳል፤ ያኔ ፊደሉን በጥንቃቄ ለይተው ይጽፉ ነበር፣ የዛሬ ገዢ ግን ስልኩ ላይ የቀረበውን ፊደል ነው የሚነካው።

ጊዜያዊ መላ አለ፤ በሁለቱም ላይ ይሠራል። ከመግለጫው ግርጌ ሌላውን አጻጻፍ ትጨምራላችሁ። ለ50 መጽሐፍ ያስኬዳል። ለ1,400 ግን አድካሚ ነው፣ ደግሞም ሁልጊዜ አንዱ አጻጻፍ ይረሳል። እውነተኛው መፍትሔ ፍለጋው ከመደረጉ በፊት ፊደላቱን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነቤተሰቦቻቸው። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም መርሳት የለባቸውም። ለገዢው የሚታየው ርዕስ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚቀየረው ማሽኑ የሚያነብበት የተደበቀ ቅጂና ገዢው የጻፈው ቃል ነው። ለሚያውቅ ልጅ የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። ዎርድፕረስ ላይ የሶፍትዌሩ ሆድ ክፍት ስለሆነ ይህን ያስገቡታል። ተሟልቶ በሚከራየው ሱቅ ግን የፍለጋ ሳጥኑ የአከራዩ ነው፤ እሱ ደግሞ የአማርኛን ሞክሼ ፊደላት አስቦ አልሠራውም።

የገጾቹ አድራሻም ሌላ ጣጣ ነው። ርዕሱን በአማርኛ ሲጽፉ ዎርድፕረስ አድራሻውንም በአማርኛ ያደርገዋል። እያንዳንዷ የግዕዝ ፊደል ግን አድራሻ ውስጥ ስትገባ ወደ ዘጠኝ ምልክት ትመነዘራለች። ዎርድፕረስ ለዚህ ቦታ የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው። ሲካፈል 22 ፊደል አካባቢ ላይ ይቆረጣል ማለት ነው። ሊንኩን ኮፒ አድርገው ሲልኩት ደግሞ የመቶኛ ምልክትና የቁጥር ድርድር ይሆናል፤ ቫይረስ የተላከለት መስሎት የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አድራሻው ላይ የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ አድርጉ። 0417፣ አለቀ።

ስለ ፊደል ቅርጽ ብዙ አልልም። በቴምፕሌት፣ ማለትም አስቀድሞ በተዘጋጀ የዌብሳይት ንድፍ ፎቶ አትታለሉ፤ ያማረው የላቲን ፊደሉ ነው። አማርኛ ሲገባበት መልኩ ይለወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን አስጭኑ፣ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ኪራዩ ላይ ደረስን። የእነ ዊክስ ሒሳብ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። በወር 20 ዶላር የሚከፍል ሱቅ ምንም ሳይጨምርበት ኪራዩ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «የወንድሜ ልጅ ይከፍልልኛል» ይሉ ይሆናል። ይክፈል፣ ይባረክ። ግን አካውንቱ በማን ኢሜይል ነው የሚከፈተው? በእሱ ከሆነ ሱቁ የእሱ ነው። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ፣ ሥራ ሲበዛበት፣ ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ ሲከማች፣ እርስዎ ለገሃር ሆነው ዌብሳይቱ ለምን እንደጠፋ አያውቁም። ዊክስ ይሁን ሌላ፣ አካውንቱ በራስዎ ኢሜይል ይከፈት፣ እሱ በረዳትነት ይግባ።

ለዎርድፕረስ በብር የሚከፈልባቸው የአገር ውስጥ ሆስቲንጎች አሉ። ከውጭዎቹ ሲገዙ ግን ዋጋውን ሁለቴ ያንብቡ። በትልቁ የተጻፈው የመጀመሪያው ውል ዋጋ ነው። ሲታደስ ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆነው በትንሹ ተጽፏል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ባክአፕ፣ ማለትም የዌብሳይቱን መጠባበቂያ ቅጂ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚወስዱና እርስዎ ራስዎ ማውረድ መቻልዎን ይጠይቁ። «እኛ እንይዝልዎታለን» የሚለው መልስ አይበቃም።

እስካሁን ለዎርድፕረስ ያደላሁ መስሏል፤ አዎ፣ አድልቻለሁ። ስለዚህ መጥፎውን ጎኑንም በደንብ ልንገርዎት። ዊክስ ላይ ዘበኛው ተከፍሎታል። ማደሱን፣ መጠበቁን፣ ግንኙነቱ የተጠበቀ መሆኑን የምታሳየውን አድራሻው ጎን ያለች የቁልፍ ምልክት እነሱ ያውቁበታል። ዎርድፕረስ ላይ ይህ ሁሉ የእርስዎ ነው። ዋናው ሶፍትዌር ጠንካራ ነው፤ ሌባ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በፕለጊን ቀዳዳ ነው። አንድ ገጠመኝ ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ ጠራኝ። ደንበኞቹ «ዌብሳይትህን ስንከፍት የቁማር ገጽ ይመጣል» ይሉታል፤ እሱ በላፕቶፑ ሲከፍተው ደህና ነው። ምቀኛ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ጎግል ላይ የሱቁን ስም ፈለግሁና ነካሁት። ቁማር። ያ ተንኮል የሠራው ሰው ባለቤቱ እንዳያይ አድርጎ ነው የጻፈው፤ በስልክ፣ ከጎግል ለሚመጣ እንግዳ ብቻ ነበር የሚገለጠው። ምንጩን ስፈልግ ቴምፕሌቱ ክራክ የተደረገ ሆኖ ተገኘ። በገንዘብ የሚሸጠውን በነፃ ከቴሌግራም አውርዶ የጫነው ዌብሳይቱን የሠራለት ሰው ነው። ለማጽዳት አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ጎግል ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከዚያ በኋላም ቆየ።

ስለዚህ ክራክ የሚባል ነገር ድርሽ እንዳይል። ነፃዎቹ በቂ ናቸው። ፕለጊን ከአሥር አይብለጥ። ራሱን የማደስ ምርጫ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፕለጊኖችም ስላለ ይብራ። ልጅዎ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ትስጠው፤ እሑድ ከቡና በኋላ ትግባ፣ የታደሰውን ትይ፣ አንድ መጽሐፍ ለሙከራ ታዝዝ፣ ባክአፑን ወደ ላፕቶፗ ታውርድ። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ምክሬ ይገለበጣል። ያኔ ዊክስ ይሻላል፤ ማንም የማያድሰው ዎርድፕረስ በሩ ተከፍቶ የታደረ ሱቅ ነው።

ስለ መልቀቅም ላንሳ። ዊክስ ላይ የሠሩት ገጽ ከዊክስ ውጭ አይሠራም፤ ድርጅቱ ራሱ ይህን በግልጽ ይናገራል። የዕቃ ዝርዝሩን በሲኤስቪ ያወጣሉ፣ ገጹን ግን እንደ አዲስ ይሠራሉ። አከራይ ደግሞ አንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ያሁ ጂኦሲቲስን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋ ስንት የሰው ገጽ አብሮ ሄዷል። ጎግልም ለትናንሽ ነጋዴዎች በነፃ ይሰጥ የነበረውን ዌብሳይት በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አጥፍቶታል። ዎርድፕረስስ? እሱም ከጠብ አላመለጠም። በ2024 መስከረም፣ እሱም በፈረንጆቹ፣ ሙለንዌግ ደብሊውፒ ኢንጂን ከተባለ ትልቅ የሆስቲንግ ድርጅት ጋር ተጣላና ድርጅቱ ከዎርድፕረስ ዶት ኦርግ ማሻሻያ እንዳያገኝ ታገደ። በታኅሣሥ ወር የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጊዜያዊ ትዕዛዝ አስከፈተው። በዚያ መሃል የተጨነቁት ደንበኞች ግን ፋይላቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሆስቲንግ መሄድ ይችሉ ነበር። እኔ ለመደርደሪያው የምከፍለው ለዚህ ነው።

በጣም የተለየ ሁኔታ አንድ አለ። ገዢዎችዎ ሁሉ አሜሪካ ቢሆኑና የወንድምዎ ልጅ እዚያ ንግድ አስመዝግቦ፣ መጽሐፉን ተቀብሎ የሚልክ ቢሆን፣ ሾፒፋይ ይቅለኛል እል ነበር። ካርድ በቀላሉ ይቀበላል። ግን ገንዘቡ የሚገባው በእሱ አካውንት፣ ግብሩም የሚቆጠረው በእሱ ነው። በዘመድ መሃል ይህን በቃል ብቻ አትተዉት።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎት። ዎርድፕረስን ከዎኮመርስ ጋር ይያዙ። ቀብዱን አይተዉት፤ ውሉን ግን ያስተካክሉት። ዶሜኑን ልጁ ሳይሆን እርስዎ ይግዙ፣ በራስዎ ኢሜይል፣ በራስዎ ስም። ይህን አደራ። ሠሪው በራሱ ስም ገዝቶ፣ ውጭ አገር ሄዶ፣ ስልኩ ጠፍቶ ስሙን ያጣ ሰው አውቃለሁ፤ ዌብሳይቱን መልሰን ሠራን፣ ስሙን ግን አላገኘነውም። ዶት ኮም ይበቃል። ዶት ኢቲ የሚፈልጉ ከሆነ የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የሆስቲንጉም አካውንት በእርስዎ ይሁን። 1,400ውን በአንዴ አትጫኑ፤ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቃችሁን 150 መጽሐፍ መርጣችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 50 ጨምሩ። የቴሌግራም ቻናልዎን አይዝጉ። ሰው የሚያውቅዎት እዚያ ነው፤ ዌብሳይቱ ሊንክ ያቀብለዋል እንጂ አይተካውም። የወንድምዎን ልጅ አያስቀይሙት፤ ቨርጂኒያ ሆኖ በስልኩ እየከፈተ የት ጋ እንደሚዘገይ ይንገራችሁ፣ ጠቃሚ ሥራ ነው።

ልጁ ሥራውን ጨርሻለሁ ሲል ሦስት ነገር ያሳይዎት። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በልጅዎ እጅ ገብቶ እሷ ስትከፍተው። ባክአፑን ሌላ ቦታ ላይ መልሶ ሲጭነውና አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ሳይለወጥ ሲነሳ። ሦስተኛውን እርስዎ ራስዎ ይሞክሩት፦ ስልክዎን ያውጡ፣ የፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «አለም» ብለው ይጻፉ። በ«ዓ» የተጻፈው መጽሐፍ ከወጣ ቀሪውን 40 ሺህ ይክፈሉት።